ካምፐሩ ለምን ከኋላው ይተኛል? የአሮጌ ቫን ባሌስትራና ሞላ ስለ መቀየር

እኛ ዶልፊን፣ አባዱላ እያልን ታክሲ ላይ የምናውቀው ቶዮታ ሃይስ ሌላ አገር ሲሄድ ቤት ይሆናል። ጃፓን፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ወንበሩን ያወጡና አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና የውሃ ታንከር ይገጥሙበታል። አውሮፓ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የቆዩ ቮልስዋገንና ፊያት ዱካቶ ቫኖች አሉ። እንዲህ ቤት የሆነ ቫን ካምፐር ይባላል።

እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ አንድ የጋራ ሕመም አላቸው። ከኋላ ይተኛሉ። አፍንጫቸው ቀና፣ ኋላቸው ዝቅ ይላል። ጉድጓድ ሲያገኛቸው ከሥር "ዷ!" የሚል ድምፅ ይሰማል።

አንድ ወዳጄ እንዲህ የተኛ ካምፐር ነበረው። ሾኩ ሞቷል ብሎ አራቱንም ሾክ አብዞርበር ቀየረ። መኪናው መወዛወዙን ተወ። ከፍታው ግን አንድ ጣት ያህል እንኳ አልተነሳም። ደጋግሞ "ታዲያ አዲስ ነገር ገጥሜ ለምን አልተነሳም?" ሲለኝ ነው ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት። ጥያቄው የብዙ ሰው ነውና።

ማን ነው መኪናውን የተሸከመው?

ሾክ አይደለም። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው።

ሞላ የተጠቀለለ ወፍራም የብረት ሽቦ ነው። ሲጫኑት ያጥራል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ባሌስትራ ደግሞ ዝርግ ብረቶች ተነባብረው እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው። ከላይ ያለው ረጅሙ ብረት ዋናው ነው፤ ሁለት ጫፎቹ እንደ ዓይን ተጠቅልለው ከሻንሲው ጋር ይያያዛሉ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ቶርሽን ባር። ይህ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲነሳ ዘንጉ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ራሱን ይፈታል። ሥራቸው አንድ ነው። ክብደት መሸከምና የመንገዱን ምት በራሳቸው ማጠራቀም።

ሾክ የተጠራቀመውን ያበርዳል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ አንዴ ከተገፋ ብቻውን ሲመላለስ ይቆያል። ገመዱን በእጅ ያዝ ሲያደርጉት ቶሎ ይቆማል። ገመዱ ሞላው ነው፤ የያዘው እጅ ሾኩ ነው። እጁ ልጁን አይሸከምም። ለዚህ ነው ሾክ ቢቀየርም የተኛ መኪና የማይነሳው። በጋዝ የተሞሉ ሾኮች በጥቂቱ ይገፋሉ፤ ግን የተኛን ቫን የሚያነሳ አቅም አይደለም።

የትኛው መኪና ምን እንዳለው ማወቅ ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሃይስና በ2004 እሱን የተካው ትውልድ ከፊት ቶርሽን ባር፣ ከኋላ በአብዛኛው ባሌስትራ አላቸው። ዱካቶ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የመጣው ቮልስዋገን ቲ3 አራቱም ጎማ ላይ ሞላ አለው። ከሱ በፊት የነበረው ቲ2 ግን ከፊትም ከኋላም በቶርሽን ባር ነው የሚሄደው።

ብረት ይደክማል እንዴ?

"ሞላው ለስልሷል" ይባላል። አባባሉ ቀላል ቢሆንም ሰውን ያሳስታል። የብረቱ ጥንካሬ ራሱ አይለሰልስም። የሚጠፋው ቅርፁ ነው።

የድሮውን የሽቦ አልጋ ያስታውሱ። አዲስ ሲሆን ጠፍጣፋ ነበር። ከዓመታት በኋላ መሀሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወረደ። ማንም ባይተኛበትም እንደ ወረደ ነው። ሽቦው አልቀለጠም፣ አልሳሳም። ረጅም ጊዜ ስለ ተጫነ ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስ አቃተው። የመኪና ሞላም እንዲሁ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲወጠር ወይም ዓመታት ሙሉ ሳያርፍ ሲሸከም፣ በትንሽ በትንሹ ያጥራል። 100 ኪሎ ሲጫንበት የሚወርደው መጠን ያው የድሮው ነው፤ የሚነሳበት ቦታ ግን ዝቅ ብሏል።

ስለዚህ ከሥር የቀረው ክፍተት ይጠባል። መንገዱ ሲመታው ሞላው ምቱን ሳይጨርስ አክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማ የሚያያይዘው ወፍራም ብረት) ምት እንዲቀበል ከተሠራው የላስቲክ መቆሚያ ጋር ይጋጫል። "ዷ!" የሚለው ድምፅ ይህ ነው።

ከቅርፅ መጥፋት ሌላ ዝገት አለ። በእኔ ግምት የባሰው እሱ ነው። ክረምት ላይ በረዶ እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር፣ የሞላው ቀለም አንድ ቦታ ከተላጠ ብረቱ መበላት ይጀምራል። በዝገቱ ትንሽ ጉድጓድ ትፈጠራለች። ሞላ በየኪሎ ሜትሩ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ያስቡት። ጉድጓዷ ስንጥቅ ትሆናለች፤ ስንጥቁ አንድ ቀን ይበጠሳል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው የታችኛው ጥቅል ነው። እዚያ ጭቃና ውሃ ይቋጠራል። የተበጠሰው ጫፍ ሹል ስለሆነ ከቦታው ከወጣ ጎማ ሊቀድ ይችላል። ባሌስትራ ላይ ደግሞ ዝገቱ በብረቶቹ መሀል ገብቶ ያሳሳቸዋል፤ እርስ በርስ መንሸራተታቸውንም ያቆማል። ያኔ ባሌስትራው ወርዶም ደርቆም ይገኛል።

ካምፐር ላይ ለምን ይብሳል?

ታክሲ ሰው ያራግፋል። የጭነት መኪና ዕቃ ያወርዳል። ማታ ባዶውን ያድራል። ካምፐር ግን አያራግፍም። አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ፍሪጁ፣ ባትሪው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሌት ተቀን እላዩ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ እንኳ ሞላው ሥራ ላይ ነው።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ታንከር ሲሞላ 100 ኪሎ ይሆናል። ይህን ታንከር ከኋላ በሩ አጠገብ አስቀመጡት እንበል፤ ከኋላ አክስል 80 ሳንቲ ሜትር አልፎ። የአንዱ ዓይነት አባዱላ የፊትና የኋላ ጎማ መሀል ለመሀል 2.57 ሜትር ይራራቃል። ሲሰላ የኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው 100 ኪሎ ሳይሆን 131 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 31 ኪሎ ከየት መጣ? ከፊት ነው የተነሳው። በዲጂኖ ድንጋይ የፈነቀለ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። አክስሉ መደገፊያው ነው፤ ከኋላ የተጫነው ከፊት ያነሳል።

አንዳንዱ ካምፐር ወደ ጎን ያዘነብላል። ማብሰያው፣ ፍሪጁና ታንከሩ በአንድ ወገን ተደርድረው ከሆነ፣ የዚያ ወገን ባሌስትራ ቀድሞ ይወርዳል። አዲስ ቢገጠም እንኳ ዕቃው ካልተዘዋወረ ተመልሶ ያዘነብላል።

ዝቅ ቢልስ ምን ይመጣል?

የወገብ ሕመም ትንሹ ነው።

የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያበራል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይኑ ይጨልማል፤ እርስዎም መንገዱን በደንብ አያዩትም። የፊት ጎማዎች ክብደት ስለሚቀንስባቸው መሪው ይቀላል፤ በዝናብ ጊዜ ይህ አደገኛ ነው። 

ብዙ ሰው የማያውቀው ፍሬን ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ብዙ ሃይስና ፒክአፖች ከኋላ አክስል አጠገብ ክብደት የሚያነብ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። አንድ ቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ያያይዘዋል። ቫልቩ ሚዛን የለውም። የሚያውቀው ከፍታን ብቻ ነው። ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ "ጭነት አለ" ይልና ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። ሲርቅ "ባዶ ነው" ይልና ግፊቱን ይቀንሳል። ባሌስትራው ከወደቀ፣ ባዶው መኪና የተጫነ ይመስለዋል። ውሃማ መንገድ ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ ሊቆለፍ ይችላል። በጣም ከፍ ያለ አዲስ ባሌስትራ ከተገጠመ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ የተጫነው መኪና ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይነፍገዋል። ስለዚህ ከፍታ በተቀየረ ቁጥር ይህ ቫልቭ እንደገና መስተካከል አለበት።

መውረዱን እንዴት አውቃለሁ?

በዓይን መገመት አያስተማምንም። ሜትር ያስፈልጋል።

ቫኑን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ። የጎማውን አየር በልኩ ያድርጉ። ዘወትር የሚይዙትን ዕቃ ይጫኑ። ከኋላም ከፊትም ሁለት ሦስቴ ነቅነቅ ያድርጉትና ይልቀቁት። ከዚያ ከጎማው መሀል ነጥብ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ ላይ፣ እስከ ጎማ ሽፋኑ ጠርዝ ይለኩ። አራቱንም። ከመሬት መለካት ልክ አይሰጥም፤ የጎማው ማለቅና የአየሩ ማነስ ይቀላቀልበታል። ግራና ቀኙ በአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከተለያየ ምክንያት አለው። ቁጥሩን ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ጋር ያስተያዩት።

ከዚያ በባትሪ መብራት ከሥር ይመልከቱ። መኪናው በጎማው እንደ ቆመ ይሁን፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አይግቡ። አክስሉና የላስቲክ መቆሚያው መሀል ስንት ጣት ይገባል? መቆሚያው ተቀጥቅጦ አብረቅርቋል? ባሌስትራው ሲጫን ጠፍጣፋ መሆኑ ብዙ ቫን ላይ ያለ ነው፤ ወደ ተቃራኒው ከጎበጠ ግን አልቆለታል። ሞላ ከሆነ የታችኛውን ጥቅል አጥበው በደንብ ይዩት። ስብራቱ መቀመጫው ውስጥ ተደብቆ ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ብረት ብጨምርበትስ? ቢቀጠቀጥስ?

አገራችን ውስጥ የተለመደው መፍትሔ ይህ ነው። ባሌስትራ ቤት ተወስዶ ይቀጠቀጣል፣ ወይ አንድ ተጨማሪ ብረት ይገባበታል። ዋጋው ርካሽ ነው። መኪናውም ይነሳል። 

መቀጥቀጡ ግን የብረቱን ዕድሜ አይመልሰውም። ቅርፁን የተወው ብረት ያንኑ ጭነት ሲያገኝ ወደ ተኛበት ይመለሳል። በእሳት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ግሎ፣ በልኩ ቀዝቅዞ ነው። አንጥረኛ ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላ ወይም ማረሻ ሲሠራ ብረቱን ያግለዋል፤ ምክንያቱም ባሌስትራነቱን አይፈልገውም። እርስዎ ግን ባሌስትራነቱን ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ሞላን በእሳት መቁረጥ፣ ባሌስትራን መበየድ ወይም አሙቆ ማጎበጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ብረት መጨመር ከመቀጥቀጥ ይሻላል። ቢሆንም የደከመውን ዋና ብረት አዲስ አያደርገውም። በዓይኖቹ ላይ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው እሱ ነው፤ ከተሰበረ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል።

የአየር ትራስም አለ። በፓምፕ የሚነፋ ጎማ ነው፤ ሞላው ውስጥ ወይም ባሌስትራው ላይ ይገባል። ጤነኛ ባሌስትራን ሲያግዝ ጥሩ ነው። የታመመውን ግን ይደብቃል። መኪናው ቀና ስላለ ሥር ያለውን ስንጥቅ ማንም አያይም።

ሃይስ ላይ ከፊት ያለውን ቶርሽን ባር በማስተካከያ ቡሎኑ ማንሳት ይቻላል። ይህ የዘንጉን መነሻ ያዞራል እንጂ አቅሙን አይጨምርም። ከተነሳ በኋላ የጎማ አላይመንት ግድ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል።

ታዲያ ምን ዓይነት ልግዛ?

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ከመግዛትዎ በፊት መኪናውን ያስመዝኑ።

የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ይውሰዱት። ውሃውም፣ ነዳጁም፣ ሰዉም፣ ዕቃውም እንዳለ ይሁን። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ ያስመዝኑ። ሁለቱን ቁጥሮች በር አካባቢ ፋብሪካው ከለጠፈው የክብደት ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጣል። ካምፐሩ ከተፈቀደለት በላይ ሆኖ ያገኘዋል።

ከሆነ መፍትሔው ጠንካራ ባሌስትራ አይደለም። ባሌስትራ ቢጠነክርም ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አክስሉና ኩሽኔታው ያው የድሮዎቹ ናቸው። ሕጉ የሚያውቀውም ሰሌዳው ላይ ያለውን ክብደት ነው። መጀመሪያ ዕቃ ይቀንስ። ታንከሩ ወደ ፊት ይምጣ።

ክብደቱ ከተፈቀደው በታች ሆኖ ሁልጊዜ የተጫነ ከሆነ፣ ከፋብሪካው ትንሽ ጠንከር ያለ መምረጥ ተገቢ ነው። ትንሽ ብቻ። የሞላ ሽቦ በ10 በመቶ ሲወፍር ጥንካሬው በ10 በመቶ አይጨምርም፤ በ46 በመቶ ነው የሚጨምረው። "ከባዱን ስጠኝ" ብሎ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጸጸተው ለዚህ ነው። መኪናው ይዘላል። ቁምሳጥኑ ይላቀቃል፣ የውሃ ቱቦው ያፈሳል።

ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየር። ግራው ተሰብሮ ቀኙ ደህና ቢመስልም ሁለቱም አንድ ዕድሜ ኖረዋል። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ካምፐሩ ያዘነብላል፤ ፍሬን ሲያዝም አካሄዱ ይዛባል።

ሲቀየር ምን ይደረጋል?

ባሌስትራ መቀየር ጉልበት ይፈልጋል እንጂ ምስጢር የለውም። ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ይደገፋሉ። ሻንሲው በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ያርፋል። ሌላ ክሪክ አክስሉን ይይዛል። የሾኩ የታች ጫፍ ይፈታል፤ የክብደት አንባቢው ቫልቭ ዘንግም እንዲሁ። ባሌስትራውን ከአክስል ጋር ያሰሩት ዩ ቦልቶች ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ከፊትና ከኋላ ያሉት ትላልቅ ቡሎኖች ይመጣሉ። አሮጌ ቫን ላይ የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው። ጎሚኒው (ዓይኖቹ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ውስጥ ዝገው ተጣብቀዋል። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ማጠጣት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አዲሱ ሲገባ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። ዩ ቦልቶቹና ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ የድሮዎቹ ሲጠብቁ ተለጥጠዋል። የባሌስትራው መሀል ቡሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለችው ቀዳዳ በትክክል ይቀመጥ፤ ካልተቀመጠ አክስሉ ተጣሞ ይታሰራል፤ መኪናውም እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። ሦስተኛውን ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። የዓይኖቹ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ሞላ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚህ ላይ ሕይወት አለ። እንደ ዱካቶ የፊት እግር ሞላና ሾክ አንድ ላይ የታሰሩበት ዓይነት፣ ሞላው ታስሮ እንኳ ተጨምቆ ነው ያለው። አንድ ሞላ በየሚሊ ሜትሩ 3 ኪሎ ያህል ጉልበት እየጠየቀ 15 ሳንቲ ሜትር ተጨምቋል እንበል። በውስጡ የታፈነው ኃይል 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈውን ምት ያክላል። ያ ሁሉ በቅጽበት ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል። የላይኛው ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ መሣሪያ በደንብ ሳይያዝ ፈጽሞ አይፈታም። በገመድ ወይም በሽቦ አስሮ መሞከር ሰው ሊገድል ይችላል። መሣሪያው ከሌለ ሥራው ላለው ጋራዥ ይሰጥ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ከተቀየረ በኋላስ?

የፊት መብራቱ እንደገና ይስተካከል፤ መኪናው ተኝቶ ሳለ ተስተካክሎ ከነበረ አሁን ደግሞ መሬት መሬት ያያል። የፍሬን ቫልቩ ዘንግ በጥገና መጽሐፉ ልክ ይስተካከል። ሞላ ወይም ቶርሽን ባር የተነካበት መኪና አላይመንት ይግባ። ጀርመን አገር የምትኖሩ ደግሞ ከፋብሪካው የተለየ ሞላ ከገዛችሁ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ከሻጩ ሳትቀበሉ አትውጡ። ወረቀት የሌለው ሞላ የቴክኒክ ምርመራ ላይ ያስቀራችኋል።

አዲስ ባሌስትራ መጀመሪያ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቦታውን ይይዛል። ያኔ ዩ ቦልቶቹን እንደገና ያስጠብቁ፤ ብረቶቹ ሲደላደሉ ይላላሉና። በዚያው ቀን ሜትሩን ያውጡና አራቱንም ጎማ ይለኩ። ቁጥሮቹን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጽፈው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ይጽፋሉ።